የአንዲት ደቂቃ ትዝታ፦ የሰውን አኳኋን የመንደፍ ልምምድ

የሰውን አካል በፍጥነት የመንደፍ ልምምድ፣ ዛሬ በሠዓሊያን ዘንድ በእንግሊዝኛ ስሙ «ጀስቸር ድሮዊንግ» እየተባለ የሚጠራው፣ ሞዴሉ አንድን አቋም ለግማሽ ወይም ለአንድ ደቂቃ፣ ቢበዛም ለጥቂት ደቂቃዎች ይዞ ሲቆይ ሠዓሊው የአካሉን ዝርዝር ትቶ የእንቅስቃሴውን አካሄድ፣ ክብደቱ ያረፈበትን ቦታና ጉልበቱ የሚያመራበትን አቅጣጫ በጥቂት መስመሮች ለመያዝ የሚያደርገው ጥረት ነው። ሥራው ከውጭ ለሚመለከተው የችኮላ ይመስላል፤ ከአንድ የልምምድ ሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ተበትነው የሚታዩት ወረቀቶችም አብዛኛዎቹ ፊት የሌላቸው፣ እጃቸው ያልተጠናቀቀ፣ እግራቸው ከወረቀቱ ጠርዝ ያለፈ የሰው ቅርጾች በመሆናቸው ይህን ግምት ያጠናክሩታል። የልምምዱ ታሪክ ወደ ኋላ ሲመረመር ግን ከፍጥነቱ በስተጀርባ ትዝታ ይገኛል። ዓይን በአንድ ጊዜ ሞዴሉንም ወረቀቱንም ሊያይ አይችልምና፣ ከሕያው አካል የሚነደፍ እያንዳንዱ መስመር፣ በአንድ ሰከንድም ቢሆን፣ ካለፈ እይታ የተቀዳ ነው፤ የአንድ ደቂቃውን አቋም የትምህርት መሣሪያ ያደረጉትም ይህን ሐቅ በቁም ነገር የያዙ መምህራን ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዘመን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ መንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሆነው የፓሪሱ ኤኮል ዴ ቦዛር ተማሪዎቹን ያሠለጠነበት ሥርዓት በዝግታ ላይ የቆመ ነበር። ተማሪው መጀመሪያ ከታተሙ ሥዕሎች ይገለብጣል፤ ቀጥሎ ከጥንት ግሪክና ሮማ ሐውልቶች የተወሰዱ የጀሶ ቅጂዎችን ይነድፋል፤ ሕያው ሞዴል ፊት እንዲቀመጥ የሚፈቀድለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን፣ ሞዴሉም አንዱን አቋም በየዕለቱ እየተመለሰ ለቀናት ይይዘው ነበር። ይህ ሥርዓት የአካልን ክፍሎች ልክና የብርሃንና የጥላን አወራረድ በሚገባ አስተምሯል፤ ዋጋውንም መካድ ተገቢ አይደለም። ሆኖም ለቀናት ሊያዝ የሚችል አቋም በባሕርዩ ያረፈ አቋም ነው። የሚወረውር፣ የሚዘል ወይም ከባድ ሸክም የሚያነሣ ሰው ለሰዓታት ሊቆም አይችልም፤ በገመድና በዱላ ተደግፎ ቢቆም እንኳ ክብደቱን የሚሸከሙለት ድጋፎቹ ስለሆኑ ጡንቻው ሥራውን ይተዋል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ አከርካሪው ይለግማል። በዚህ መንገድ ያደገ ሠዓሊ የጡንቻዎችን ስም አንድ በአንድ እያወቀ የሚሮጥ ሰው ለመሣል ሲነሣ የቆመ ሰው ይሥል ነበር። ባለቅኔው ሻርል ቦድሌር እንደዘገበው፣ ሠዓሊው ኧዤን ደላክሯ ከፎቅ መስኮት የወደቀ ሰው መሬት ሳይነካ ሊነድፈው የማይችል ሠዓሊ ታላላቅ ሥራዎችን ሊሠራ አይችልም ይል ነበር፤ ንግግሩ የተጋነነ ቢሆንም በዘመኑ የነበረውን ጉድለት በትክክል ያመለክታል።

ይህን ጉድለት ከሥሩ ለማረም የተነሣው ሰው የተገኘው ከታላቁ ትምህርት ቤት ሳይሆን ከታናሹ ነበር። ኦራስ ልኮክ ደ ቧቦድራን በ1840ዎቹ ማስተማር የጀመረበትና ኋላም በኃላፊነት የመራው ተቋም «ፕቲት ኤኮል»፣ ማለትም ታናሹ ትምህርት ቤት፣ እየተባለ የሚጠራ፣ ለዕደ ጥበብ ሙያ የሚዘጋጁ ወጣቶች የሚማሩበት ቤት ነው። ልኮክ በ1848 ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ሠዓሊ ሊያሠለጥነው የሚገባ ዋና ኃይል የማየት ትዝታው ነው፤ ይኸውም ያየውን ቅርጽ፣ ነገሩ ከፊቱ ከተነሣ በኋላ፣ በአእምሮው አቆይቶ በእጁ የሚመልስበት ችሎታ ነው። ተማሪዎቹ በቀላል መስመሮችና በጀሶ በተቀረጸ አፍንጫ ጀምረው ደረጃ በደረጃ እየከበደ የሚሄደውን ሥራ በመለማመድ፣ በመጨረሻ በሉቭር ሙዚየም ያዩትን የታላላቅ ሠዓሊያን ሥዕል ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ከትዝታቸው እስከ መንደፍ ይደርሱ ነበር። ዜማውንና ቅኔውን በቃሉ ይዞ የሚያድገውን የአብነት ተማሪ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ሥርዓት አመክንዮ እንግዳ አይሆንበትም፤ በቃል የተያዘ ነገር ከተማሪው ጋር ይሄዳልና።

ልኮክ ከዚህ አልፎ ተማሪዎቹን ወደ ደጅ፣ ዛፍና ውሃ ወዳለበት ስፍራ አወጣቸው። በዚያም የተቀጠሩት ሞዴሎች፣ አንዳንዶቹ ራቁታቸውን ሌሎቹም በጨርቅ ተጠቅልለው፣ እንደ ልባቸው ይራመዱ፣ ይቀመጡና ይሮጡ ነበር፤ ተማሪዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ በጥሞና ይመለከታሉ፤ ከዚያ በኋላ ያዩትን እንቅስቃሴ ከትዝታቸው ይነድፋሉ። በመድረክ ላይ ደርቆ የቆመው ሞዴል በደጅ የሚንቀሳቀስ ሰው ሆኖ ሲታይ የንድፉ ዓላማም አብሮ ተለወጠ፤ ለዚህ ልምምድ ታሪክ መጻፍ ላለበት ሰው ትክክለኛው መጀመሪያ ይህ ይመስላል።

ከልኮክ ተማሪዎች መካከል በ1854፣ በ14 ዓመቱ፣ ወደ ታናሹ ትምህርት ቤት የገባውና በኋላ ወደ ኤኮል ዴ ቦዛር ለመግባት ሦስት ጊዜ ተፈትኖ ሦስቱንም ጊዜ ያልተሳካለት ኦጉስት ሮዳን ይገኝበታል። ሮዳን በሐውልት ቀራጭነቱ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ በዕድሜው ማምሻ፣ ሞዴሎቹን መድረክ ላይ ማቆም ትቶ በሥራ ክፍሉ ውስጥ እንደ ልባቸው እንዲዘዋወሩ ይፈቅድላቸው ነበር፤ ራሱም ዓይኑን ከአካላቸው ሳይነቅል፣ ወረቀቱን ሳያይ በእርሳስ እየነደፈ፣ ያለቀውን ወረቀት ወለሉ ላይ እየጣለ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። በሐምሌ 1906 የካምቦዲያው ንጉሥ ሲሶዋት ፈረንሳይን ሲጎበኙ አብረዋቸው የመጡት የቤተ መንግሥት ጨፋሪዎች በፓሪስ ያሳዩትን ጭፈራ አይቶ እጅግ በመማረኩ እስከ ማርሴይ ድረስ ተከትሏቸው ሄዷል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ወደ 150 የሚጠጉ ንድፎችን ሠርቷል። በእነዚህ ንድፎች የጨፋሪዎቹ ፊት እምብዛም አይለይም፤ ወደ ኋላ የታጠፉት ጣቶች፣ የታጠፈው ጉልበትና ከወገብ እስከ አንገት የሚወጣው ጠመዝማዛ መስመር ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ሕያው ነው። በፓሪስ የሚገኘው የሮዳን ሙዚየም ካስቀመጣቸው 7,000 ያህል ንድፎቹ አብዛኛዎቹ በዚህ ዓይነት ፍጥነት የተሠሩ ሲሆኑ፣ ተመልካቹ የሚደነቀው በአንዱ ንድፍ ውበት ብቻ ሳይሆን ስሙ በዓለም የታወቀ ሽማግሌ በየዕለቱ እንደ ጀማሪ ለመለማመድ በነበረው ትጋት ጭምር ነው።

በዚያው ዘመን ልምምዱ ከግለሰቦች እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሆነ። በ1904 በፓሪስ ሞንፓርናስ በተባለው ሰፈር የተከፈተው አካዴሚ ደ ላ ግራንድ ሾሚዬር፣ የመግቢያ ፈተና የማይጠይቅ፣ ጥቂት ሳንቲም የከፈለ ማንኛውም ሰው ገብቶ ከሕያው ሞዴል የሚነድፍበት ቤት ነበር። በተለይ «ክሮኪ» በሚባለው፣ አቋሞች በየጥቂት ደቂቃው በሚለዋወጡበት ክፍለ ጊዜ መምህር አይኖርም፤ ሞዴሉ ይቆማል፣ ጊዜው ሲያልቅ አቋሙን ይለውጣል፣ ሁሉም በዝምታ ይነድፋል። የዚህ ቤት መሥራቾች ማርታ ሽቴትለርና አሊስ ዳነንበርግ የተባሉ ሴት ሠዓሊያን መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ ኤኮል ዴ ቦዛር ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1897 ብቻ ነበርና፣ ከዚያ በፊት ራቁት አካልን አይቶ መንደፍ የፈለገች ሴት ዕድሏ እንደነዚህ ባሉ የግል ክፍሎች የተወሰነ ነበር። ከዚህ ጋር አብሮ የሚታወሰው ሞዴሉ ነው። ስለ ሥዕል የሚጽፉ ሰዎች የሠዓሊውን ትጋት ሲያወድሱ ኖረዋል፤ ነገር ግን በተጠማዘዘ ወገብና በተዘረጋ ክንድ ቆሞ፣ ደሙ ከእጁ እየሸሸ፣ አንዱን አቋም ጨርሶ ወዲያው ሌላ የሚፈጥረው ሰው የዚህ ትምህርት እኩል ባለቤት ነው፤ ጥሩ ሞዴል ባልነበረበት ክፍል ጥሩ የአኳኋን ንድፍ አይገኝም።

ልምምዱን በሥርዓት አደራጅቶ ለጀማሪ የሚሆን ትምህርት ያደረገው ግን አሜሪካዊው ኪሞን ኒኮላይዲስ ነው። በ1891 በዋሽንግተን ከተማ የተወለደው ኒኮላይዲስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ግንባር በካሙፍላዥ ሥራ፣ ማለትም ወታደሮችንና መሣሪያዎችን ከጠላት ዓይን በሚሰውረው የቀለምና የቅርጽ ጥበብ፣ ተሰልፎ አገልግሏል፤ ከጦርነቱ በኋላም ራሱ በተማረበት በኒው ዮርክ አርት ስቱደንትስ ሊግ እስከ ዕለተ ሞቱ አስተምሯል። ሊግ በ1875 በተማሪዎች የተመሠረተ፣ ዲግሪ የማይሰጥ፣ ተማሪው መምህሩን ራሱ የሚመርጥበት ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያ የሚያስተምር ሰው ተማሪዎቹን የሚያቆይለት የትምህርቱ ፍሬ ብቻ ነበር። ኒኮላይዲስ በ1938 ሲሞት በእጅ ጽሑፍ የተወው የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ ተማሪው በነበረችው በሜሚ ሃርመን ጥረት ተጠናቆ በ1941 ታተመ።

የዚህ መጽሐፍ ልዩ ጠባይ እንደ ምክር ሳይሆን እንደ የሥራ ሰሌዳ መጻፉ ነው። ትምህርቱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል 15 ሰዓት የመንደፍ ሥራ ተመድቦለታል፤ በየሦስት ሰዓቱ ምን ያህል ጊዜ ለየትኛው ልምምድ እንደሚውልም ተጽፏል። ተማሪው አንዱን ክፍል ሳይሠራ ወደሚቀጥለው ገጽ እንዳያልፍ ያሳስባል። ሁለቱ መሠረታዊ ልምምዶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ። የመጀመሪያው «ኮንቱር» የሚባለው ሲሆን፣ ተማሪው እርሳሱ የሞዴሉን ገላ በእርግጥ የሚነካ መሆኑን እያሰበ፣ ወረቀቱን ሳያይ፣ በጣም በዝግታ የአካሉን ጠርዝ እየተከተለ ይነድፋል። ሁለተኛው የአኳኋን ንድፍ ነው፤ በዚህ ተማሪው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሃያ አምስት ያህል ንድፎችን፣ እያንዳንዱን በአንድ ደቂቃ ገደማ፣ ይሠራል፤ እንዲይዝ የሚጠበቅበትም አካሉ ምን እንደሚመስል ሳይሆን ምን እያደረገ እንደሆነ ነው። ዝግተኛው ልምምድ መዳሰስን፣ ፈጣኑ መንቀሳቀስን ያስተምራል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ጎን ለጎን መሰጠታቸው የኒኮላይዲስ ትልቁ ማስተዋል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰሌዳው ውስጥ ቦታ የያዘው ሌላው ልምምድ ደግሞ የትዝታ ንድፍ ነው፦ ሞዴሉ አቋሙን ለአጭር ጊዜ አሳይቶ ይሄዳል፣ ተማሪው ባዶውን መድረክ እያየ ይነድፋል። ልኮክ በደጅ የጀመረው ነገር በኒው ዮርክ ክፍል ውስጥ እንደገና መገኘቱ ትምህርቱ ከየት እንደሚቀዳ ያሳያል።

ጀማሪው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልፍበት መንገድ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ከራስ ይጀምራል፤ ዓይንና አፍንጫ ሲያስገባ ደቂቃዋ ታልቃለች፤ ወደ ታች ሲወርድ ለእግር የሚሆን ቦታ በወረቀቱ ላይ አይተርፍም። የአካሉን ጠርዝ ዙሪያውን ይከተላል እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን ኃይል አያይም፤ ስለዚህ ቅርጹ ሁለት ክንዶቹ እኩል የተንጠለጠሉ፣ ክብደት የሌለው፣ ከመሬት ጋር ያልተገናኘ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ የእጅ ድካም አይደለም። ጀማሪው ስለ ሰው አካል ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአእምሮው ያኖረው ምልክት አለ፦ ክብ ራስ፣ ቀጥ ያለ አካል፣ አምስት ጣት፤ የሚነድፈውም ከፊቱ የቆመውን ሰው ሳይሆን ያንን አሮጌ ምልክት ነው። የአንድ ደቂቃዋ ጊዜ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አሮጌውን ምልክት አስተካክሎ ለመጨረስ ስለማትበቃ ተማሪው እንዲተወው ታስገድደዋለች።

ልምምዱ እየዘለቀ ሲሄድ የመነሻው ቦታ ይለወጣል። ተማሪው ከራስ መጀመርን ትቶ ከአከርካሪው፣ ከደረትና ከዳሌ መጀመርን ይለምዳል። አንድ ሰው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲያሳርፍ የዚያ ወገን ዳሌ ከፍ ይላል፣ በአብዛኛውም የዚያው ወገን ትከሻ በተቃራኒው ዝቅ ይላል፣ በሁለቱ መካከል አከርካሪው ይታጠፋል፣ በአንገት ሥር ያለው ጎድጓዳ ስፍራም ከሚሸከመው እግር በላይ በቀጥታ ይውላል፤ ይህ ካልሆነ ሰውየው ይወድቃል ወይም የሆነ ነገር ተደግፏል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሰው በአንድ ሰዓት ሊያስታውሰው ይችላል። ሆኖም ደቂቃዋ ስትጀምር የተነበበው ነገር ለማሰብ ጊዜ ስለማይሰጥ አይደርስለትም፤ የሚደርስለት በብዙ መቶ ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ እጁን ያጠፈው መስመር ነው። ቆመው የሚነድፉት፣ ወረቀቱን «ኢዝል» በሚባለው የሥዕል ማቆሚያ ላይ አስደግፈው፣ ከሰሉን በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍ ይዘው፣ መስመሩን ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከትከሻ የሚያስነሡት መምህራን ሁሉ ይህን የሚያደርጉት፣ የሠዓሊው አካል የሞዴሉን አካል እንቅስቃሴ በራሱ ውስጥ እንዲደግመው ነው። በጥሩ ክፍል ውስጥ ሞዴሉ ወደ ግራ ሲጋደል ነዳፊዎቹ ሳያውቁት ትከሻቸው አብሮ ሲጋደል ይታያል።

በየዕለቱ መሥራት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳውም ይኸው ነው። ስለ አካል የሚገኘው እውቀት በአእምሮ ብቻ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ መማሩ በበቃ ነበር፤ በትከሻና በክንድ የሚቀመጥ ስለሆነ ግን ልምምድ ሲቋረጥ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ሲመለሱበትም የመጀመሪያዎቹ አሥር ወረቀቶች የደረቁ ይሆናሉ። ልምድ ያላቸው ሠዓሊያን ክፍለ ጊዜውን በግማሽ ደቂቃ አቋሞች የሚከፍቱት፣ ረጃጅሞቹን ወደ መጨረሻ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። እነዚህ ወረቀቶች እንዲቀመጡ አይጠበቅም፤ ርካሽ ወረቀት የሚመከረውም ተማሪው ለወረቀቱ ሳይሳሳ እንዲነድፍ ነው።

ይህ ትምህርት ፍሬው በግልጽ የታየበት አንዱ ስፍራ ካሊፎርኒያ ነው። በ1932 በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የሚሠራው አኒሜተር አርት ባቢት የሥራ ባልደረቦቹን በቤቱ እየሰበሰበ ከሕያው ሞዴል መንደፍ ጀመረ፤ ዲዝኒ ይህን ሲሰማ ትምህርቱ በራሱ በስቱዲዮው እንዲሰጥ አድርጎ ዶን ግራሃም የተባለውን የሹናርድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር አስመጣ። አኒሜሽን፣ ማለትም በብዙ ሥዕሎች ተከታታይነት እንቅስቃሴን የመፍጠር ጥበብ፣ የአንዱ ሥዕል ውበት ብቻ የሚያድነው ሥራ አይደለም፤ ገጸ ባሕርይው ክብደት ከሌለው ተመልካቹ አያምነውም። አኒሜተሮቹ ቀን ሠርተው ማታ የሚነድፉበት ይህ ክፍል ከተከፈተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1937 መጨረሻ፣ «ስኖው ዋይት» የተባለው የስቱዲዮው የአኒሜሽን ፊልም ለዕይታ ቀረበ፤ በ1920ዎቹ ክንዶቻቸው እንደ ጎማ ቱቦ ይለጠጡ ከነበሩት ገጸ ባሕርያት ጋር ላነጻጸረው ሰው የልዩነቱ አንዱ ምንጭ የት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለከት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ያለ ሞዴል የሚሥል፣ ትዝታን መሠረት ያደረገ ባለሙያ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን ከመምህሩ የተቀበለውን የጸና ሥርዓት ነው፦ ቅዱሳን በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች በጎን ፊት ይሣላሉ፣ የእጅ ምልክቶችም እያንዳንዳቸው ትርጉም አላቸው። በዚህ ሥርዓት የአካል ክብደት ጥያቄ አይነሣም፤ ሥዕሉ የተነሣበት ዓላማ ሌላ ነውና፣ ይህን እንደ ጉድለት መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ሕያው አካልን አይቶ መንደፍ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ውጭ ተምረው በተመለሱ ሠዓሊያን በኩል ጎልቶ ገባ። አፈወርቅ ተክሌ የተማረበት የለንደኑ ስሌድ ትምህርት ቤት ከ1876 ጀምሮ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ያህል የተመራው በአልፎንስ ለግሮ ሲሆን፣ ለግሮም ራሱ የልኮክ ተማሪ ነበር። በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የተማረው አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መገባደጃ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይኸው ትምህርት ቤት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሠዓሊው የእስክንድር ቦጎሲያን ጉዳይ ነው። እስክንድር በ1957 ከለንደን ወደ ፓሪስ ተሻግሮ እስከ 1966 በቆየባቸው ዓመታት በግራንድ ሾሚዬር ተማሪም መምህርም ሆኖ ሠርቷል፤ ይህ የክሮኪ ልምምድ ሥር የሰደደበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ዘመን የወጡት ሥዕሎቹ መድረክ ላይ የቆመ ራቁት አካል የሚያሳዩ አይደሉም፤ በውስጣቸው የሚንሳፈፉት ፍጥረታት ከብራና መጻሕፍትና ከጠልሰም የመጡ፣ ከአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽም የተዋሱ ናቸው። የሥርዓተ ሥዕሉን የጸና ቅርጽ ይዘው ሳለ አንዳቸውም ደርቀው አለመቆማቸው፣ ክንፉም ክንዱም አንድ አቅጣጫ ይዞ መጓዙ፣ በአንድ ሠዓሊ እጅ ሁለት ዓይነት ትዝታ ሊኖር እንደሚችል ያስገምታል፤ እርሱም በ1966 ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ሲያስተምር ይህንን እጅ ይዞ ነበር።